ፊቷን አረንጓዴ ያደረገች ሠዓሊ፦ ሱቄ ያለው ሥዕል ደንበኛ እያጣላ ነው

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፍሬም እሠራለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የታወቀ ነው። የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የመካ ሥዕል፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል። አንዳንዴ የመካውና የገብርኤሉ ጎን ለጎን ግድግዳ ተደግፈው ቫርኒሻቸው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ወሎ ነው፣ ማንም ምንም አይልም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት የከተማችን ሠዓሊ ሥዕል አመጣች። ራሷን ነው የሣለችው። ስሟን አልጽፍም፣ ፎቶም አልለጥፍም፣ አላስፈቀድኳትም። ስለዚህ በቃል ልንገራችሁ።

ቁመቱ አንድ ሜትር ይሞላል። ወርዱ ትንሽ ያንሳል። ፊቷ ወደ ጎን ዘወር ብሏል። ግንባሯና አንዱ ጉንጯ ሰማያዊ ነው። ሌላው ጉንጭ ብርቱካናማ፣ ልክ ማታ ከሰል ፊት እንደተቀመጠ ሰው። ከአገጯ ጀምሮ እስከ አንገቷ ድረስ አረንጓዴ። ከኋላዋ የጦሳ ተራራ አለ፣ እሱም ሐምራዊ ሆኗል። ጣቶቿ ቀይ። ብሩሽ የያዘችው በግራ እጇ ነው።

ሱቄ ጠባብ ስለሆነ የገባ ሁሉ ያየዋል። አንዱ «ታማ ነው?» አለኝ። ሌላው «ጉበት ነው እንዲህ የሚያደርገው» ብሎ መድኃኒት ሊያዝላት ምንም አልቀረው። አንዲት አዛውንት እናት አማትበው ወጡ። ትናንት ደግሞ ሁለት ወጣቶች በሥዕሉ ተጨቃጭቀው የመጡበትን የምረቃ ፎቶ ረስተውት ሄዱ።

እሷን ምን ዓይነት ፍሬም ልሥራልሽ ብላት «ቀጭን እንጨት። ወርቃማ የለም፣ መስታወት የለም» ብላኝ ቀብድ ሰጥታ ሄደች። ሳላፍር ልጠይቅ፦ የዚህ ሥዕል ጥሩው ምኑ ነው?

የጦሳ_ልጅ

ጋሼ፣ አረንጓዴ የሆነችው የሽንኩርት ዋጋ ሰምታ ነው። ሃሃሃ። ፎቶ ካልለጠፉ ግን ይሄ ክር የስልክ ጨዋታ ነው የሚሆነው።

ቦርከና

ኮምቦልቻ ነኝ፣ ግልጽ ልናገር። ዘመናዊ ሥዕል የሚሉት መሣል ላልቻለ ሰው መደበቂያ ነው። ሰው ሰው መምሰል አለበት። እኔ ቀለም ቤት ሄጄ ፊቴን ሰማያዊ ልቀባና «ውስጤ ነው» ልበል? የሰፈራችን ማስታወቂያ ጸሐፊ ባለ ፀጉር ቤቱን በር ላይ ሲሥለው ቁርጥ ራሱን ነበር። ሠዓሊ ማለት እሱ ነው።

ቀለም_በጥባጭ

ሥዕል አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ካለብኝ ታገሡኝ።

ወንድሜ ቦርከና፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምባሰል ቅኝት ስትሰማ «ይሄ ዜማ የአምባሰልን ተራራ ይመስላል ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ? አትጠይቅም። ገደሉም ዛፉም የለበትም። ግን ሰምተህ ዝም ትላለህ። ቀለምም እንዲህ መሥራት ይችላል የሚሉ ሠዓሊዎች ከተነሡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1905 ማቲስ የሚባል ፈረንሳዊ ሚስቱን ሲሥል ከግንባሯ ጀምሮ በአፍንጫዋ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ለቀቀባት። አንደኛው ወገን የብርሃን፣ ሌላው የጥላ ነው፤ መስመሩ ድንበሩ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ሐያሲ እሱንና ጓደኞቹን «አውሬዎቹ» ብሎ ሰደባቸው። ስድቡ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

ነገሩ ዝም ብሎ እብደትም አይደለም። ብርቱካናማና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያጋግለዋል። ጥላን በጥቁር ከሣልከው ፊቱ ይሞታል። ሙከራ ከፈለግህ ቀይ ጨርቅ ላይ ግማሽ ደቂቃ አፍጥጥና ነጭ ግድግዳ እይ። አረንጓዴ ታያለህ። ማንም ሳይቀባው።

ቦርከና

አምባሰልማ ያስለቅሰኛል። ይሄኛው ግን ስለ ጉበቴ ነው ያሳሰበኝ። ደግሞ ፈረንጅ ሳትጠሩ ማውራት አትችሉም?

ቀለም_በጥባጭ

እንችላለን። የአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ከተከፈተ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ሰውም ሆነ ዕቃ በማይመስሉት አብስትራክት ሥዕሎቹ ልክ እንደ አንተ የተቆጡ ሰዎች ገጥመውታል፤ እሱም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምሯል። ደስታ ሐጎስ ከትምህርት ቤቱ ከተመረቁ የመጀመሪያ ሴቶች አንዷ ናት። የአንኮበሩ አፈወርቅ ተክሌ ራሱን የሣለው ሥዕል ደግሞ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ገብቷል። ራስን መሣል ከውጭ የመጣ ቅብጠት ነው ካልክ፣ ከኛው ሰፈር ወደ እነሱ የሄደም አለ።

የደብተራ_ልጅ

ጋሼ ፍሬም ሠሪው፣ አንድ ጥያቄ። ዘወር ብላለች ብለዋል። ስንት ዓይን ይታያል?

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

አንድ። ሌላው ያለ ይመስላል ግን ሰማያዊው ውስጥ ሰምጧል።

የደብተራ_ልጅ

በሉ እንግዲህ እኚያ እናት ያማተቡት በአረንጓዴው አይደለም።

እኔ ያደግሁት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሥል ሰው እግር ሥር ነው። በኛ ሥዕል ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሃል። ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ቅዱሱን የሚያሠቃየው ወታደር ነው። ማንበብ ለማይችል ምእመን ምልክት ነው። እናታችን ሥዕሉን አንብበውታል። ባነበቡት ነው የደነገጡት። «አይገባቸውም» እንዳትሉ።

ሌላ ነገር ልጨምር። ሰው የራሱን መልክ ማሣል ለወሎ አዲስ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተጻፈው፣ ባለቤቱ የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት። ራሳቸው አልሣሉትም ይሆናል፣ ግን በራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም እኮ።

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

ለካ! እኔ ደግሞ በቀለሙ ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስፈልጋቸው ነበር።

አንድ ያልገባኝ ግን አለ። ሥዕሉ ላይ ግራኝ ናት። ደረሰኝ ላይ የፈረመችልኝ ግን በቀኟ ነው። አይቻለሁ።

የጦሳ_ልጅ

ሌላ ሰው ነው የሣላት! ተያዘች!

ቀለም_በጥባጭ

መስታወት ነው፣ አንተ ልጅ። ራሱን የሚሥል ሰው መስታወት ፊት ይቆማል። መስታወት ቀኙን ግራ ያደርገዋል። አንዳንዱ ሲጨርስ ያስተካክለዋል፣ አንዳንዱ እንዳየው ይተወዋል። ስልክህን በፊት ካሜራ ከፍተህ ቀኝ እጅህን አንሣ፣ ይገባሃል።

መስታወት ደግሞ ነጻ ነው። ሞዴል ይከፈለዋል፣ ይደክመዋል፣ ቡና ይላል። ለዚህም ነው ብዙ ሴት ሠዓሊዎች ራሳቸውን የሣሉት። ይቅርታ፣ ፈረንጅ ልጥራ ነው። የሜክሲኮዋ ፍሪዳ ካሎ በ18 ዓመቷ አውቶቡስ ላይ አደጋ ደርሶባት ወራት አልጋ ላይ ስትውል ከራስጌዋ መስታወት ሰቀሉላት። ፊቷን እያየች ሣለች። ከሥዕሎቿ ሲሶ ያህሉ የራሷ ፊት ነው።

ሳይዚንግ_ክፍል

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ጉበትና ስለ ማቲስ አላውቅም። ጋሼ፣ ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩልኝ። በምን ጨርቅ ላይ ነው?

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

አቡጀዲ ነው። ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ በመሐል ተሰፍቷል። ስፌቱ ከፊት ሲታይ ልክ በአፍንጫዋ በኩል ያልፋል፣ ቀለም ሸፍኖታል። ነጩ ኮላና ጄሶ ይመስለኛል።

ሳይዚንግ_ክፍል

ያጠበችው መሆኑን ይጠይቁልኝ። አቡጀዲ ከመሸመኑ በፊት ድሩ እንዳይበጠስ ስታርች ይጠጣል። ገበያ ሲወጣም ስታርቹ አብሮት ነው። ሳይታጠብ ከተቀባ ቀለሙ ጨርቁን አይዝም፣ የያዘው ስታርቹን ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ደሴ ደግሞ ጉሙና እርጥበቱ አለ። ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ ካጠበችው ግን ልጆቿም ያወርሱታል።

ሹርባ_ቤት

እስቲ ወንዶች ዝም በሉና እኔ ልናገር። ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ እዚሁ ደሴ ሙጋድ አካባቢ። ስለ ፀጉሯ ማንም አልጠየቀም። ምን ዓይነት ነው?

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

ሹርባ። ወደ ኋላ የተሠራ። ግማሹ በሻሽ ተሸፍኗል። ሻሹ ቢጫ ነው። አናቷ ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

ሹርባ_ቤት

ነጩ ቅቤ ነው፣ ገና ሳይቀልጥ። ጠዋት ነው ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ ብርድ ነበር። ጣቶቿ ቀይ ናቸው አሉ? እስከ የት?

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

እስከ ሁለተኛው አንጓ። አንዱ ደንበኛ ደም ነው ብሏል።

ሹርባ_ቤት

እንሶስላ ነው! ደምማ እንዲህ እኩል አይቆምም። ወላሂ ወንዶች ሚስቶቻችሁን አይታችሁ አታውቁም።

አሁን ጋሼ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አረንጓዴው ከአገጭ እስከ አንገት ነው ብለዋል። የስልክዎን መብራት አብርተው ከጎን በኩል አንገቷን ይዩ። ከፊት አይደለም፣ ከጎን። መስመር አለ?

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

ሱቅ ዘግቼ ነበር፣ ተመልሼ ከፈትኩ። ሚስቴ ራት ላይ ናት፣ ተቆጥታለች።

አለ። ከአረንጓዴው ሥር አለ። መጀመሪያ ቀለሙ የተሰነጠቀ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። መብራቱን ዝቅ ሳደርገው ታየኝ። ሦስት ረድፍ ነው። የላይኛው ረድፍ ትንንሽ መስቀል ይመስላል፣ ወይም መደመር ምልክት በሉት። ከሥሩ እንደ ሐብል የዞሩ ሁለት መስመሮች። በብሩሽ እንጨት ጫፍ ቀለሙ ሳይደርቅ ጭራ የሠራችው ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ከፍ ብሏል። በጣቴ ነካሁት። መንካት የለበትም፣ አውቃለሁ።

አረንጓዴው እዚህ መስመር ላይ ይጠቁራል። ወደ ላይ ወደ ፊቷ ሲሄድ እየሣሣ፣ ጉንጯ ጋ ሲደርስ ሰማያዊው ውስጥ ይገባል። ይዤው የከረምኩት ሳምንት ሙሉ ነው፣ አላየሁትም ነበር።

ሹርባ_ቤት

ንቅሳት።

የጦሳ_ልጅ

እንዴ

ስደተኛዋ_ወለዬ

ጅዳ ነኝ። ቤት አጽድቼ ጨርሼ ነው የማነበው። የእናቴ አንገት ላይ ልክ እንደዚህ ነበር። ሦስት ረድፍ። ከላይ መስቀል፣ እኛ ደግሞ እስላሞች ነን። ልጅ ሆነው ጓደኞቿ ጋር አብረው አስወግተው ነው የመጡት። ትንሽ ሆኜ ስታቅፈኝ በጣቴ እቆጥረው ነበር። ቀለሙም አረንጓዴ ነው፣ ጥቁር አይደለም። አሁን የለችም። ጋሼ፣ ሠዓሊዋን አስፈቅደው ፎቶውን ይላኩልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅም።

ሹርባ_ቤት

አብሽሪ እህቴ።

ለማያውቁ ልጆች፦ በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጉ ጥላሸት ያስገቡበታል። ጥቁር ነው የገባው፣ ግን ቁስሉ ሲድን ከቆዳ ሥር ሆኖ አረንጓዴ ይመስላል። አንገት፣ አገጭ፣ ድድም ጭምር። ሱቄ የሚመጡ ትልልቅ እናቶች አሁንም አላቸው። ወጣቶቹ ግን የላቸውም። ሠዓሊዋ ስንት ዓመቷ ነው?

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

ሴት ዕድሜዋ አይጠየቅም። አርባ ያልፋታል ብዬ እገምታለሁ። አንገቷ ላይ ግን ምንም የለም። ነጠላዋ ወርዶ ሲስተካከል አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው።

ቦርከና

ቆይ፣ እሷ ላይ ከሌለ ለምን ሣለችው? ያን ካደረገች እኮ ራሷን አልሣለችም። ወይ እናቷን ትሣል፣ ወይ ራሷን ትሣል። እኔ አሁንም አልገባኝም። ሰማያዊውም አልተነገረኝም። ግን… የኔም አያት ነበራት። ይሄን ብቻ ልበል።

ቀለም_በጥባጭ

እኔ የማቲስን መስመር ለጥፌ አስተማርኩ ብዬ ተኮፍሼ ነበር። መልሱ ሙጋድ ፀጉር ቤት ነበር። ተቀበልኩ።

ሰማያዊው ግን ያው የጥላ ቀለም ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

ባለ_ሥዕሏ

ጋሼ፣ ሱቅዎ ያስቀምጡልኝ አልኩ እንጂ አደባባይ ያውጡልኝ አላልኩም። የእህቴ ልጅ ናት ደውላ «ፊትሽ እየተከራከሩበት ነው» ያለችኝ። ይሁን። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ሳቅኩ።

ሰማያዊው የጥላ ቀለም አይደለም፣ መምህር፣ ይቅርታ። ክረምት ላይ ነው የሣልኩት። በረንዳዬ ያፈስ ስለነበር ሰማያዊ ሸራ ወጥሬበታለሁ፣ ያ የእህል ጆንያ የሚሸፍኑበት ዓይነት። የቁም ሳጥኔን በር ከነመስታወቱ ነቅዬ ከሥሩ አቆምኩት። ቀን ቀን ብርሃኑ በሸራው ውስጥ ነው የሚመጣው። እጄም፣ ድስቱም፣ ድመቷም ሰማያዊ ነበርን። እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት። የበረንዳውን ሸራ ቀለም የሥዕሉ ሸራ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ብርቱካናማው ከሰል ነው፣ ጋሼ ትክክል ብለዋል። ብርድ ነበር። ቅቤውም ያልቀለጠው ለዚያ ነው።

ሐምራዊውን ጦሳ ለማየት ፀሐይ ከኋላው ስትገባ ቀና ማለት ይበቃል። አንድ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው።

አቡጀዲውን አጥቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ በፊት አንድ ሥዕሌ እንደተባለው ተቀርፎብኛል፣ ስለዚህ ለምክሩ አመሰግናለሁ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ቢመጣ ደግሞ የበለጠ።

ስለ አንድ ዓይኑ የተጻፈውን ሳነብ ምነው እንዲህ አስቤ በሣልኩት አልኩ። እውነቱን ልናገር፦ ሌላኛውን ዓይን መሣል አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ፋቅሁት። በአራተኛው ሰማያዊ ለቀቅኩበት።

ንቅሳቱ የእናቴ ነው። እኔ የለኝም። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ ላይ አይቼ አስወጉኝ ብዬ አልቅሻለሁ፤ እናቴ «እኔን የወጉኝ ይበቃል» ብላ ከለከለችኝ። መጀመሪያ አንገቴን ንጹሕ አድርጌ ጨርሼው ነበር። ሳየው ሌላ ሰው ሆነብኝ። ቀለሙ እርጥብ እያለ ብሩሹን ገልብጬ ጫርኩት። አረንጓዴው ከዚያ ነው ወደ ላይ የወጣው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያው አልታየኝም።

ጅዳ ያለሽው እህቴ፣ ፎቶውን ራሴ አንስቼ እልክልሻለሁ። አንገቱን ቀረብ አድርጌ።

ቦርከና፣ የሰፈራችሁ ማስታወቂያ ጸሐፊ ጎበዝ ከሆነ አድራሻውን ላክልኝ። የሌላኛውን ዓይን ነገር ላማክረው።

ቦርከና

የጸሐፊው ሱቅ ፊት ለፊት ካፌ አለ፣ እዚያ ሲጠይቁ ያሳዩዎታል። ግን እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል አሁን። ዋጋውስ ስንት ነው፣ ሥዕሉ ማለቴ ነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል።

ባለ_ሥዕሏ

አይሸጥም።

ሳይዚንግ_ክፍል

ሁለት ጊዜ መታጠቡ ጥሩ ነው።

ስደተኛዋ_ወለዬ

ደረሰኝ። ቆጠርኩት።

ፍሬም_ሠሪው (ደሴ)

ፍሬሙ አልቋል። ቀጭን ዋንዛ ነው፣ ቫርኒሽ አልቀባሁትም፣ ሰም ብቻ አሸሁት። ማዕዘኖቹ እንደ ምላጭ ገጥመዋል፣ ይሄን ያህልስ ልኩራ። መስታወት አላደረግሁም። መስታወት እርጥበት ይዞ ቀለም ላይ ሲጣበቅ ብዙ አይቻለሁ፣ ሲላቀቅ ፊቱን ይዞ ነው የሚነሣው፤ ስንት የሠርግ ፎቶ እንደዚያ ሆኖ መጥቶልኛል።

እህቴ፣ ቀሪው ሂሳብ እንዳለ ነው። ሰኞ ከ9 ሰዓት በኋላ ነይ፣ ከዚያ በፊት ገበያ ነኝ።

ያማተቡት እናት ዛሬ ጠዋት በበሩ አለፉ። አልገቡም። ዘንቢላቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ያቺ ልጅ፣ ሌላው ዓይኗ መጣላት?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው።